ሦስት መድኃኒት ባንዴ ለምን? የጡት ካንሰር ሕክምና ስሌት

አክስቴ የመጀመሪያ ኬሞዋን ልትወስድ የሄደች ዕለት አብሬያት ነበርኩ። ሐኪሙ የጻፈላትን ወረቀት ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የመድኃኒቶቹን ስም በጣቷ ትቆጥራለች። ሁለቱ ለዛሬ። አንዱ ከወራት በኋላ የሚጀመር። ከዚያ ደግሞ ለዓመታት የሚዋጥ ክኒን። ጠጋ አለችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ የምለው፣ መጀመሪያ አንዱን አይሞክሩትም? እምቢ ካለ ሌላውን ይሰጡኝ የለ? ይሄን ሁሉ ባንዴ ሲያዘንቡብኝ ጉበቴን ምን ይውጠዋል?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። «እነሱ ያውቃሉ» ብዬ አለፍኳት። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ስጀምር ግን ጥያቄዋ እንደዋዛ የሚታለፍ እንዳልሆነ ገባኝ። የካንሰር ሐኪሞች ራሳቸው ለአሥርት ዓመታት የተከራከሩበት ነገር ነው። ደግሞም አንዳንዴ አክስቴ ትክክል ናት። እዚያ ላይ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንይ።

አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከሽምብራ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ዕጢ በውስጡ ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጋ ሴል አለው። እነዚህ ሴሎች ከአንድ እናት ሴል ይምጡ እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር የዘር መመሪያው ሲገለበጥ ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ምንም አያመጣም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ስሕተት ሴሉን መድኃኒት የማይበግረው ያደርገዋል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሴል መድኃኒቱን ገና አላየውም። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበር።

ለምሳሌ ያህል ከአንድ ሚሊዮን ሴል አንዱ «ሀ» የሚባለውን መድኃኒት ይቋቋማል እንበል። ከ1 ቢሊዮኑ ውስጥ 1,000 ሴል ይተርፋል ማለት ነው። ዕጢው ይሟሽሻል፣ በምርመራ አይታይም፣ ሁሉም ሰው እልል ይላል። እነዚያ 1,000 ሴሎች ግን መራባታቸውን ይቀጥላሉ። ከጊዜ በኋላ እንደገና 1 ቢሊዮን ይሆናሉ፤ አሁን ግን ሁሉም «ሀ»ን የሚቋቋሙ ናቸው። በዚህ ጊዜ «ለ»ን ብትሰጡ፣ ለእሱም ከሚሊዮን አንዱ የሚቋቋም ከሆነ፣ እንደገና 1,000 ይተርፋል። እነዚህኞቹ ሁለቱንም የሚቋቋሙ ናቸው። አንድ በአንድ እየሞከርን የማይሞት ዕጢ በገዛ እጃችን አሳደግን።

አሁን ሁለቱን ባንዴ ስጡ። ሁለቱንም በአጋጣሚ የሚቋቋም ሴል የመገኘት ዕድሉ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ ከትሪሊዮን አንድ። ዕጢው ውስጥ ያለው ደግሞ 1 ቢሊዮን ብቻ። እንዲህ ያለ ሴል ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። እውነተኛው ሰውነት ከዚህ ስሌት የበለጠ የተወሳሰበ ነው፤ አንዳንድ ሴል ብዙ መድኃኒት ባንዴ ተፍቶ የሚያስወጣበት ፓምፕ አለው፣ አንዳንዱም ሳይከፋፈል ተኝቶ ያልፋል። የነገሩ አጥንት ግን ይሄ ነው።

ይሄ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። የቲቢ ታካሚ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት መድኃኒት ባንድ ላይ የሚውጠው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ ሁሉም በዚሁ አቆጣጠር ነው) ስትሬፕቶማይሲን ለብቻው ሲሰጥ በሽተኞች ተሽሏቸው ተነሡ፣ ከወራት በኋላ መድኃኒቱን የሚቋቋመው ባክቴሪያ ተራብቶ ተመለሰ። የኤችአይቪ መድኃኒትም ሦስት ተደርጎ መሰጠት ሲጀምር ነው የሰው ሕይወት የተረፈው። ካንሰር ላይ መንገዱን የከፈቱት ደግሞ የሕፃናትን የደም ካንሰር የሚያክሙ የአሜሪካ ሐኪሞች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አራት መድኃኒት ቀላቅለው ሲሰጡ «ልጆቹን ልትገድሏቸው ነው» የሚል ተቃውሞ ከራሳቸው ባልደረቦች ገጥሟቸዋል።

ጡት ካንሰር ላይ ሐሳቡን በቁጥር ያሳየው ጣሊያናዊው ጃኒ ቦናዶና ነው። እስከዚያ ድረስ ዋናው እምነት «ቢላው በደንብ ከቆረጠ በሽታው አለቀ» የሚል ነበር። ቦናዶና ሚላን ውስጥ በ1973 ጥናት ጀመረ። ጡታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውንና ካንሰሩ የብብታቸው ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖድ) ላይ የደረሰባቸውን ሴቶች ለሁለት ከፈላቸው። ግማሾቹ ምንም ተጨማሪ አልተሰጣቸውም። ሌሎቹ ሦስት መድኃኒት ባንድ ላይ ወሰዱ፤ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜቶትሬክሴትና ፍሎሮዩራሲል። ውጤቱ በ1976 ታተመ። መድኃኒት ካልወሰዱት 179 ሴቶች 24 በመቶው ላይ በሽታው ሲመለስ፣ ከወሰዱት 207 ሴቶች የተመለሰባቸው 5.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ገደማ ውጤት ነው፤ ልዩነቱ በኋላ ጠበብ ቢልም አልጠፋም። በዓይን የማይታይ ርዝራዥ እንዳለና በመድኃኒት ሊጠረግ እንደሚችል በዚህ ታወቀ።

ስለ ሳይክሎፎስፋማይድ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ዘሩ የሚመዘዘው ከሰናፍጭ ጋዝ ነው። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አያቶቻችን ላይ ያዘነቡት የመርዝ ጭስ የቅርብ ዘመድ ናይትሮጅን ማስታርድ የሚባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይሄኛው ነጭ የደም ሴል እንደሚያጠፋ አዩና ለካንሰር ሞከሩት። በ1950ዎቹ ጀርመኖች ገራም አድርገው ሠሩት፤ እሱ ነው አክስቴ ደም ሥር ውስጥ የገባው። ይሄን ለእሷ አልነገርኳትም።

ታዲያ ማንኛውንም ሁለት መድኃኒት መቀላቀል ይቻላል? አይቻልም። ሐኪሞች ሲያጣምሩ የሚያዩት ነገር አለ። እያንዳንዱ ለብቻውም ቢሆን የሚሠራ መሆን አለበት፤ ሁለት ደካማ ተደምሮ ብርቱ አይሆንም። ሴሉን የሚያጠቁበት መንገድ መለያየት አለበት፤ ያለዚያ አንዱን ያመለጠ ሴል ሌላውንም ያመልጣል። የሚጎዱት አካልም ቢለያይ ይመረጣል፤ ሁለቱም ልብን ወይም ሁለቱም ነርቭን ከሆነ ሰውየው አይችለውም። የአክስቴ የጉበት ሥጋት ይሄን ነው የነካው። ሐኪሙ ጉዳቱን አንድ አካል ላይ ላለመቆለል ያከፋፍለዋል።

የእሷ ጥምረት በዓለም ላይ በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ነው። መጀመሪያ ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር በየሦስት ሳምንቱ 4 ዙር። ቀጥሎ ፓክሊታክሴል፤ በየሦስት ሳምንቱ 4 ጊዜ ወይም በየሳምንቱ 12 ጊዜ። ዶክሶሩቢሲን የሴሉን የዘር ክር መሐል ገብቶ ያጣብቃል፤ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ሳይክሎፎስፋማይድ ክሩን እርስ በርሱ ይሰፋዋል፤ የሚያስቸግረው ፊኛን ነው፣ ለዚህ ነው «ውኃ በደንብ ጠጡ» የሚባለው። ፓክሊታክሴል ደግሞ የዘር ክሩን ትቶ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል የሚጎትትባቸውን ገመዶች ያደርቃል፤ የሚጎዳው የእጅና የእግር ጣት ነርቭን ነው፣ ቁልፍ መቆለፍ እስኪያቅት ያደነዝዛል። ሦስት መሣሪያ፣ ሦስት የተለያየ ዒላማ። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ጉዳት የአጥንት መቅኔ ነው፤ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳሉ። በዙሮቹ መሐል ሦስት ሳምንት የሚጠበቀውም መቅኔው እንዲያገግም ነው። ነጭ ሴሉ በሁለተኛው ሳምንት ግድም ዝቅ ይላል፤ በዚያ ሰሞን ትኩሳት ከመጣ ነገ እሄዳለሁ አይባልም፣ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ዶክሶሩቢሲንን ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች «ቀዩ» ይሉታል። የተገኘው ደቡባዊ ጣሊያን ውስጥ ካስቴል ዴል ሞንቴ በሚባል ጥንታዊ ግንብ አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ዘመድ ነው። ነርሷ እንደ ሌላው መድኃኒት ጉሉኮስ ላይ ሰቅላ ትታው አልሄደችም። ትልቅ ስሪንጅ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። መጀመሪያ ንጹሕ ፈሳሽ ለቃ ደም ሥሩ እንዳልፈነዳ አየች። ከዚያ እንደ ቪምቶ ቀይ የሆነውን ነገር ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያለች ገፋችው። «ቦታው ካቃጠለዎት ወዲያው ይንገሩኝ» አለቻት። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቆስላል። ስትጨርስ ደግሞ «ነገ ሽንትዎ ቀይ ቢሆን አይደንግጡ፣ እናቴ፤ ደም አይደለም፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ብላ ጨመረች። አክስቴ ግን ደነገጠች። በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ያንቀጠቀጠችው እሷ ነበረች።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ኬሞ ነው። ጡት ካንሰር ግን አንድ በሽታ አይደለም፤ በናሙና ምርመራ ሦስት ነገር ይታያል። ሴሉ የኤስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ? የፕሮጄስትሮን ተቀባይስ? ሄር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ? የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ጋር ይሂድ የሚለው የሚወሰነው በዚህ ነው። ሪፖርቱ ላይ እነዚህ ሦስቱ ካልተጻፉ ጥምረቱ በግምት ነው የሚሠራው። ናሙናው እንዲመረመር መጨቅጨቅ ነውር የለውም።

ኤስትሮጅንን የሚመገብ ዕጢ ላይ ምግቡን መቁረጥ ነው ዋናው ሥራ። ግን ቤንዚኑ የተቋረጠ መኪና ቁልቁለት ላይ ከሆነ መንከባለሉን ይቀጥላል። ፍሬን ያስፈልገዋል። ሴል እንዲከፋፈል ፊሽካ የሚነፉ ሲዲኬ 4 እና 6 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነሱን የሚያፍን ክኒን ፓልቦሲክሊብ ነው። በ2015 አሜሪካ ውስጥ፣ ኤስትሮጅን እንዳይመረት ከሚያደርገው ከሌትሮዞል ጋር እንዲሰጥ ተፈቀደ። የተሠራጨ በሽታ ያለባቸው ሴቶች ሌትሮዞል ብቻ ሲወስዱ በሽታው ለ14.5 ወራት ያህል ተገትቶ ሲቆይ፣ ሁለቱን ሲወስዱ 24.8 ወራት ቆይቷል። ወንድሙ ሪቦሲክሊብ ደግሞ ዕድሜም እንደሚጨምር በጥናት አሳይቷል፤ ከ51.4 ወደ 63.9 ወራት። አንድ ዓመት ማለት ነው። አንድ ዓመት ልጅ ያለው ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሄር-ቱ የበዛበት ዕጢ ከአምስት ታካሚ አንዷ ላይ ወይም ትንሽ ባነሰ ይገኛል። እዚህ ያለው ጥምረት ለእኔ ከሁሉም የሚያምር ነው። ትራስቱዙማብ በ1998 ተፈቀደ፤ የፕሮቲኑን አንድ ጎን ይይዛል። ሄር-ቱ ግን መልእክት ለማስተላለፍ ከጎረቤቱ ፕሮቲን ጋር እጅ ለእጅ መያያዝ ይወዳል። ትራስቱዙማብ ይሄን በደንብ አይከለክልም። ፐርቱዙማብ የሚባለው ሁለተኛው መድኃኒት በትክክል የሚያያዝበትን እጅ ይይዛል። ሁለቱ እዚያው አንድ ፕሮቲን ላይ ሳይጋፉ ይቀመጣሉ። በተሠራጨ በሽታ ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት ከኬሞ ጋር ሁለቱን የወሰዱ ሴቶች ሕክምና ከጀመሩ በኋላ የኖሩት ዕድሜ አጋማሹ 56.5 ወራት ሲሆን፣ ትራስቱዙማብ ብቻ ከኬሞ ጋር የወሰዱት 40.8 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብን በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ዝርዝር ላይ መግባትና ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ሁለት ለየቅል ነገር ናቸው፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው።

ሦስቱም የሌለባቸው ሴቶች ላይ ለረጅም ጊዜ ከኬሞ ውጭ ብዙ ምርጫ አልነበረም። አሁን የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ ፔምብሮሊዙማብ ከኬሞው ጋር ከቀዶ ሕክምና በፊት ሲሰጥ፣ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ከ51.2 ወደ 64.8 በመቶ ከፍ ብሏል።

አሁን ወደ ሌላው ጎን። መደመር የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ ሰው ብዙ አይነግርህም።

ትራስቱዙማብ ገና ሲሞከር ከዶክሶሩቢሲን ዓይነቶቹ ጋር እኩል ተሰጥቶ ነበር። ዕጢው ላይ ጥሩ ሠራ። ነገር ግን ከወሰዱት ሴቶች 27 በመቶው ልባቸው ተዳከመ፤ ያለ ትራስቱዙማብ ሲሰጥ 8 በመቶ ነበር። ሁለቱም ልብን የሚነኩ ናቸዋ። ከዚያ ወዲህ «ቀዩ» መጀመሪያ አልቆ ነው ትራስቱዙማብ የሚከተለው፤ በመሐሉም ልብ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ይታያል። መድኃኒቶቹ እነዚያው ናቸው፣ የተቀየረው ተራቸው ነው።

ሌላው ደግሞ የሆርሞን ክኒን ነው። ታሞክሲፌን ተቀባዩን ይዘጋል፣ አናስትሮዞል ሆርሞኑ እንዳይመረት ያደርጋል። «ሁለቱን ብናጣምርስ?» ብሎ ማሰብ ተገቢ ነበር። ከ9,300 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ተሠራ። አናስትሮዞል ብቻውን አሸነፈ። ጥምረቱ ከታሞክሲፌን ብቻ የተሻለ አልነበረም፤ ያንን ክፍል አቆሙት። የሚሰጠው ማብራሪያ ታሞክሲፌን ራሱ በትንሹ እንደ ኤስትሮጅን ስለሚሠራ፣ ሆርሞን በጠፋበት ሰውነት ውስጥ ክፍተቱን ይሞላል የሚል ነው። ዘበኛ ብለህ የቀጠርከው ሰው በሩን ሲከፍት እንደማየት ነው።

ታሞክሲፌንም ከኬሞ ጋር እኩል አይጀመርም፤ ኬሞው ካለቀ በኋላ መጀመሩ የተሻለ ውጤት እንዳለው ታይቷል። አንዱ ምክንያት ይሄ ሳይሆን አይቀርም፤ ኬሞ የሚገድለው በመከፋፈል ላይ ያለ ሴልን ነው፣ ታሞክሲፌን ደግሞ ሴሉን ያስተኛዋል።

አክስቴ ትክክል የምትሆነውስ መቼ ነው? በሽታው ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት፣ ወደ ሳንባ ሲሠራጭ። በዚህ ጊዜ ዓላማው አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ማጥፋት ሳይሆን መግታትና ሰውየው በሰላም እንዲኖር ማድረግ ነው። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዶክሶሩቢሲንና ፓክሊታክሴልን ባንዴ መስጠትን አንዱን ቀድሞ ሌላውን ኋላ ከመስጠት ጋር አነጻጸረ። ባንዴ ሲሰጥ የ47 በመቶው ዕጢ አነሰ፤ ለየብቻ ሲሰጥ 36 እና 34 በመቶ። ጥምረቱ ያሸነፈ ይመስላል። የኖሩት ዕድሜ ግን ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ በሽታው ቶሎ ካልጣደፈ ሐኪሞች ኬሞውን አንድ በአንድ መስጠት ይመርጣሉ። «አንዱን ይሞክሩ፣ እምቢ ካለ ሌላውን» ያለችው ቃል በቃል።

የእኛን ሰው ለይቶ የሚመለከት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው ነጭ የደም ሴል። ብዙ ኢትዮጵያዊ በተፈጥሮው ከመማሪያ መጽሐፉ ልኬት በታች የሆነ የኒውትሮፊል (የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ቁጥር አለው። ከዘር የመጣ ነው፣ በሽታም አይደለም፣ ኢንፌክሽንም ከሌላው በበለጠ አይጋብዝም። እስራኤል ውስጥ ቤተ እስራኤላውያን ላይ ሐኪሞች ይሄን ቀድመው ጽፈውበታል። ችግሩ የኬሞ ቀን ላይ ነው የሚመጣው። የላብራቶሪው ቁጥር 1,500 ካልሞላ «ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ» ይባላል። ጥምረት ደግሞ በሰዓቱ ሲሰጥ ነው የሚሠራው። በተለይ ውጭ አገር የምትታከሙ ከኬሞ በፊት የነበረውን የደም ውጤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «የእኔ ድሮም ዝቅ ያለ ነው» ማለት በወረቀት ሲደገፍ ይሰማል።

ሁለተኛው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። ታሞክሲፌን በደንብ የሚሠራው ይሄ ኢንዛይም ሲቀይረው ነው። በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው 29 በመቶ ኢትዮጵያውያን የዚህ ኢንዛይም ጂን ትርፍ ቅጂ አላቸው፤ በአውሮፓውያን ላይ ከሚታየው እጅግ የላቀ ነው። ኢንዛይሙ ፈጣን ቢሆንም ግን የሚያፍነው ሌላ ክኒን ከገባ ሥራው ይስተጓጎላል።

ይሄ የመጨረሻው ነገር በወሬ ብቻ አልቀረም። አክስቴ ታሞክሲፌን ስትጀምር ሌሊት ሌሊት በላብ ትጠመቅ ጀመር። ለክትትል ስንሄድ ፋርማሲስቷ «የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ» አለቻት። አክስቴ ፌስታሏን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የደም ግፊት ክኒን። በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር አዝሙድ። የደረቀ ዳማከሴ። ከሥር ደግሞ አሜሪካ ያለች ጓደኛዋ «ለላቡ ፍቱን ነው» ብላ በሰው የላከችላት ፓሮክሴቲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ብልቃጥ። ፋርማሲስቷ ዳማከሴውን አሸተተችና አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች። ብልቃጡን ግን አንሥታ ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችው።

«ይሄን ስንት ጊዜዎት ነው?»

«ገና ሳምንቴ ነው። ምነው፣ አይስማማም እንዴ?»

«ለላቡ ይሠራል። ታሞክሲፌኑን ግን ያስርብዎታል። ለሐኪምዎ ደውዬ በሌላ እናስቀይርዎታለን፤ እስከዚያ እርስዎም በራስዎ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።»

አክስቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አየሽ» አለችኝ፣ «ሁሉንም ባንዴ አይሆንም ስል።»